ከሥሩ ውስጥ ስላልነበረችው ኤክስ

ለተከበሩ የፈተናዎች መምሪያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠና፣ ወንበርዎም እንደ ልማዱ የማይነቃነቅ ይሁን እያልኩ፣ እኔ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ያጠብኩ የአራት ልጆች እናት ጊዜዎን ስለምሻማ አስቀድሜ ይቅርታ እለምናለሁ።

ለረዳት ነርስነት ለመሠልጠን የእርስዎን የሒሳብ ፈተና ማለፍ ነበረብኝ። ስምንተኛው ጥያቄ «ፖሊኖሚያል ያልሆነው የትኛው ነው?» ይላል። እኔ «አምስት ሲካፈል ለኤክስ» የሚለውን መረጥኩ፤ የእርስዎ የመልስ ወረቀት ግን «የሦስት ስኩዌር ሩት ሲባዛ በኤክስ» የሚለውን መረጠ። በአንድ ነጥብ ወደቅኩ።

፩. ለአቤቱታ ቢሮዎ ስመጣ ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጡት ባለሙያዎ «እናቴ፣ የሥር ምልክት ካለበት ፖሊኖሚያል አይደለም፤ ይልቅ ወደ አንሶላዎ ይመለሱ» ብለው ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። ሳሙና በላጠው እጄ እስክሪብቶ አስይዛ ያስጠናችኝ ታላቋ ልጄ ግን እንዲህ አላለችኝም። ከሥሩ ውስጥ ያለው ሦስት ነው፤ ቁጥር ነው፤ ቁጥር ሥር ውስጥ ቢገባ ማንን ይጎዳል? ነገር የሚበላሸው ኤክስ ራሷ ሥር ውስጥ ስትገባ ወይም አካፋይ ስትሆን ነው። ይህን ለማየት ዲግሪ አያሻም፤ ዓይን ይበቃል።

፪. ውጤቴ እንደገና እንዲታይልኝ ያስገባሁትን ማመልከቻ ሁለት ጊዜ አጥፍተው እንደገና በማስጻፍ የእጅ ጽሕፈቴን ስላሳመሩልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

፫. ባመለከትኩ በስምንተኛው ወር መልስዎ ደረሰኝ፦ «ስሕተቱ ታምኖበታል፤ ከሚቀጥለው ዓመት ተፈታኞች ጀምሮ ይታረማል።» የሥልጠናው የዕድሜ ገደብ ካለፈኝ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ማሽኑ አጠገብ ቆሜ፣ በእርጥብ እጄ ይዤ አነበብኩት። አላለቀስኩም፤ ንዴቱ እንባዬን ቀደመው። የሥራ ባልደረቦቼ «ተይው፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» አሉኝ። እርስዎ ንጉሥ አይደሉም፤ ስለዚህ ጻፍኩ።

ስሕተቱን ካመኑ በኋላ የተሳሳቱበትን ሰው ውጤት ለማረም ያልፈለጉበት ጥበብ ከእኔ አቅም በላይ ነው።

ታመው ከእኛ ዘንድ ቢተኙ፣ አንሶላዎን እንደ ማንም ሰው አንሶላ አጥርታ የምታጥብልዎ፣

ለሒሳብ ብቁ አይደለሽም የተባለችው ተፈታኝ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በመምሪያዎ በር ላይ ስለጥፍ ዘበኛዎ ሊያባርሩኝ መጥተው ነበር። ስምንተኛውን ጥያቄ እንዳነበቡ ግን «እኔም እኮ አምስት ሲካፈል ለኤክስ ብዬ ነው የወደቅኩት» ብለው ወረቀቱን ደግፈው ያዙልኝ።