የአባዬ ትከሻ

ይድረስ ጅቡቲ ላለው ወንድሜ ለኑዕማን። አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ተናድጄ ነው።

የአባዬን ሥዕል በፎቶ አይተህ «ነጅማ፣ ሰው መሣል አቃተሽ እንዴ? ኮቱ ውስጥ ሰው የለበትም» አልከኝ። ወይ ድፍረት! ስንት ዓመት ሰው የሣልኩ ሴትዮ፣ እኔ በግምት አልሠራም። አባዬን ፊቴ አስቀምጬ፣ ክንዴን ዘርግቼ በብሩሹ እጀታ እየለካሁ ነው የሣልኩት። ትከሻውን ደጋግሜ ፋቅኩት፤ በተቀመጠ ቁጥር ልኩ ያንስብኛል። ኮቱ ያው ላምበረት ያለው ሱቁ ሲሄድ ይለብሰው የነበረው ነው። አሁን ሱቁን እህታችን ዩምና ይዛዋለች፤ እሱ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል።

እሱም ብሶ «ኑዕማን ስለሚያየው ትንሽ ወፈር አድርጊኝ» ይለኛል። አላደርግም! ያላየሁትን አልሥልም።

ደግሞ «የለመድሽውን የዘይት ቀለም ለምን ተውሽ?» ትላለህ። አሁን የያዝኩት አክሪሊክ ቀለም በደቂቃ ይደርቃል። የዘይት ቀለም ግን በደንብ እስኪደርቅ ወራት ይፈጃል፤ ወራት መጠበቅ አልፈለግኩም።

አሁንም አይመስልም ካልክ፣ ና! ሥዕሉን አጠገቡ አቁመህ ራስህ አስተያይ።

ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬ ይድረስ። አላህ በቶሎ ያገናኘን።

የተቆጣችው እህትህ ነጅማ፣ ከካራ