መልስሽ የሚዘገየው ለምን እንደሆነ

ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል፤ ሰው ሳይጠፋ ጣሪያውን እኔው ካልጠገንኩ እያለ ያስቸግረኛል።

በቪዲዮ ስንገናኝ "ደህና ነሽ ወይ?" ስልሽ ዝም ትዪና ቆይተሽ "ደህና ነኝ" ትዪኝ ነበር። ያቺ ዝምታ እንቅልፍ ነሳችኝ። ልጅቷ የምትደብቀን ነገር አለ ብዬ ለአባትሽ ነገርኩት። "ኢንተርኔቱ ይሆናል እንዳልል ፈጣን ፋይበር አስገብተናል" አለና እሱም ሐሳብ ገባው።

በቀደም አንዲት የኢንተርኔት መስመር ሠራተኛ ለሌላ ጉዳይ ቤታችን ስትመጣ ጠየቅኳት።

"እናቴ፣ ፈጣን ነው ሲባል በአንዴ ብዙ ይሸከማል ማለት ነው። ድምፅዎ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ግን ሌላ ነገር ነው" አለችኝ።

ለካስ ወንድምሽ ጓዳ ተቀምጦ ፊልም ሲያወርድ፣ የእኔና የአንቺ ድምፅ ከፊልሙ ኋላ ተሰልፎ ተራ ይጠብቅ ኖሯል። የኢንተርኔቱን መሣሪያ አስተካክላ ለወሬያችን ቅድሚያ ሰጠችልን። "ትንሽ መዘግየት ግን ይቀራል፤ ልጅዎ ያለችበት አገር ሩቅ ነው" አለች።

እሁድ ስትደውዪ ያንኑ "ደህና ነሽ ወይ?" ብዬ ጠየቅኩሽ፤ አፌን ሳልዘጋ ሳቅሽ መጣ። አባትሽ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ "ይኸው፣ ደህና ናት" አለ፤ ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ።

ወጥተሽ በሰላም ግቢ፣ እጅሽ የነካው ይባረክ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃን። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ በእውነት የከፋሽ ቀን ደህና ነኝ ለማለት አትቸኩዪ። እኔ እጠብቅሻለሁ።

እናትሽ