ራሴን የነቀነቅኩ ዕለት

ለማልጠግብሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ታገሠሽ ወይስ ዛሬም ደረጃው መሐል ያስቀምጥሻል? አባዬስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ነገሩ ግን ዞሮብኛል፤ በስልክ የሚነገርም አልሆነልኝ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ለውጭ ፊልም የሴቷን ድምፅ በእኛ ቋንቋ እሰጣለሁ። በስምንት ዓመት ውስጥ ስንቱን አፈቀርኩ መሰለሽ! ሁሌም ያው ነው። ልጅቷ «አልፈልግህም» ትላለች፤ እሱ ዝናብ ላይ ይቆማል፤ መጨረሻ ላይ ሮጣ ትጠመጠምበታለች። እንቢታዋ ፊልሙን ማስረዘሚያ እንጂ መልስ ሆኖ አያውቅም።

እንግዲህ አንድ መሐንዲስ አለ፤ ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ያለውን ሕንፃ የሚያሠራ። ሁለት ጊዜ እንቀራረብ ቢለኝ ሁለቴም «ይቅርብኝ፣ ወንድሜ» አልኩት። እሱ ግን ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ አበባ ይዞ በራችን ላይ ቆመ። ባልደረቦቼ «እንዲህ የሚወድ ወንድ በሻማ ብትፈልጊ አታገኚም» ይሉኝ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ሁሉም ባሉበት ተንበረከከና ቀለበት አወጣ። ስልኩን አንሥቶ ያልቀረጸ ሰው አልነበረም። እማዬ፣ በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ። ጣቴ ላይ አጠለቀው፤ አጨበጨቡ።

በማግሥቱ የምንቀርጸው ትዕይንት ላይ ልጅቷ «የመረጥኩት አንተን ነው» ማለት ነበረባት። አሥራ አንድ ጊዜ አልኩት፤ አንዱም አልሆነልኝም። ድምፅ ቀራጩ፣ ያ ዝምተኛው ሽማግሌ፣ ማዳመጫውን አወለቀና «ልጄ፣ እየመረጥሽ ነው ወይስ እየተያዝሽ?» አለኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ሄጄ ቀለበቱን መለስኩለት። እሱ እቴ! ፈገግ ብሎ «ሴቶች መጀመሪያ እንዲህ ነው የምትሉት፤ እጠብቃለሁ» አለኝ። ለጥበቃው ነግሬ በራችን ድርሽ እንዳይል አስደረግኩ። ሰኞ በሩ ላይ ሳጣው እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር፤ ዓይኔ ግን ግራ ቀኝ ፈለገው። ይኼ ናፍቆት ነው ፍርሃት? በሰው ፈንታ ሳፈቅር ኖሬ የራሴን መለየት አቃተኝ። ባልደረቦቼም ጨካኝ ብለው አኩርፈውኛል። ማን ያውቃል፣ እውነታቸውን ይሆናል።

አባዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ደጃችሁ ላይ ሦስት ሳምንት ቆሞ እንዴት እንዳገኘሽ ያወራል። ሁላችንም እንስቃለን። አንቺ ግን ልክ እዚያ ላይ ሲደርስ ዕቃ ለማንሣት ትነሻለሽ። ታሪኩን ካንቺ አፍ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። እስቲ ንገሪኝ፤ ከውስጥ ሆነሽ ስታዪው ምን ተሰማሽ? «አባትሽን እወደዋለሁ» ብትዪኝ አምንሻለሁ። እኔ የምጠይቅሽ ስለዚያን ጊዜዋ ልጅ ነው።

አንድ መስመርም ብትሆን ይበቃኛል። እግዜር ቀሪ ዘመንሽን ያለምልምልኝ፤ ክፉ አይንካብኝ።

የበኩር ልጅሽ