ባለቤቴ በጄቷ ብቻውን እንዳይበር

ቀን፦ መጋቢት 11

ለአብራሪዎች ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ ትንሿን ጄት ያለ ሁለተኛ አብራሪ ለማብረር ያቀረበው ማመልከቻ ውድቅ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፤

1. እኔ አመልካች በሙያዬ መነጽር ሠሪ ነኝ። ባለቤቴ የዓይን ሐኪም ነው። አንዱ ክሊኒካችን በምንኖርበት ከተማ፣ ሌላው ከተራሮቹ ማዶ ሐይቁ ዳር ባለች ከተማ ይገኛል። በመኪና መሄድ ሙሉ ቀን ስለሚፈጅ፣ ዛሬ ሃያ ዓመት ግድም በፒስተን ሞተር የምትሠራ ባለ ሁለት ፕሮፔለር አነስተኛ አውሮፕላን ገዛን፤ ሁለታችንም የማብረር ፈቃድ አወጣን። እሱ በግራ ወንበር ተቀምጦ ያበራል። እኔ በቀኝ ወንበር ተቀምጬ በየተራ የሚደረገው የተዘረዘረበትን ቼክሊስት አነባለሁ፣ ሬዲዮ አነጋግራለሁ፣ ደመና እጠቁማለሁ፣ አልፎ አልፎም እቆጣለሁ። አውሮፕላኗ የምታድርበት የሃንጋሩ ሰዎች «አሮጊቷ» ይሏታል። ስሙ ለማን እንደወጣ አንዳንዴ እጠራጠር ነበር፤ ቢሆንም ክስ አላቀረብኩም።

2. ባለፈው ዓመት ባለቤቴ አሮጊቷን ሸጦ ትንሽ ጄት ይዞ መጣ። መሥሪያ ቤትዎ የትዳር ጉዳይ እንደማይመለከት ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን በስተርጅና ጣውንት እንደመጣብኝ ለመዝገብ ያህል እገልጻለሁ። መኪናችንን ከዝናብ በቀር ማንም አጥቧት አያውቅም፤ የጄቷን አፍንጫ ግን በለስላሳ ጨርቅ የሚወለውለው ራሱ ነው። የእኔን የጫማ ቁጥር ቢጠይቁት ጣሪያ ጣሪያ ያያል። የእሷን የጎማ ንፋስ ቢጠይቁት ጥያቄዎን ሳይጨርሱ ይነግርዎታል።

3. ጣውንቴ ናት ብዬ ግን አልበድላትም። ያላየሁትን ብጽፍ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፤ ዓይኔን የሚያክመውም እሱ ስለሆነ ጉዳቱ የጋራ ነው። ጄቷ በብዙ ነገር ከአሮጊቷ ትሻላለች። በአሮጊቷ ዘመን ደመናን የምናልፈው በመሐሉ ነበር። ክንፏ ላይ በረዶ ሲጋገር እኔ በባትሪ እያበራሁ «ጨምሯል» እላለሁ፣ እሱ ሳያይ «አልጨመረም» ይላል። ከፍ ስንል የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫችን ላይ ሰክተን፣ አንድ ክፍል የተኙ ሁለት ታማሚዎች መስለን እንተያያለን። ከሞተሮቿ አንዱ ሲድን አንዱ ያመዋል፤ መካኒካችንም አሮጊቷ በሕይወት የምትኖረው በእናንተ ጸሎትና በእኔ መፍቻ ነው ይለን ነበር። ነዳጇን ደግሞ በየማረፊያው እየዞርን እንለምናለን። ጄቷ ደመናውን ቁልቁል እያየች ትሄዳለች። ነዳጇ የትም ይገኛል። ውስጧም ጸጥ ያለ ስለሆነ ሳንጮህ መነጋገር እንችላለን።

የሚያሳዝነው፣ ጨዋታው ሳይጀመር ይደረሳል። በአሮጊቷ ስንሄድ ከተራሮቹ ወዲህ ተጣልተን ከተራሮቹ ማዶ እንታረቅ ነበር። ልጃችን ምን ትማር የሚለውን የወሰንነው አየር ላይ ነው። አማቴ ከእኛ ጋር ትኑር አትኑር የሚለውንም እንዲሁ፤ ያን ቀን ንፋሱ ከፊት ስለነበረ በቂ ጊዜ አገኘን። በጄቷ ግን ተጣልተን ሳንታረቅ እናርፋለን።

4. የአቤቱታዬ አንደኛው ፍሬ ነገር የባለቤቴ እጅ ነው። አሮጊቷ በሁለታችን መካከል ስድስት እጀታዎች ነበሯት፤ ሁለቱ ለሞተሮቹ ኃይል፣ ሁለቱ ለፕሮፔለሮቹ፣ ሁለቱ ነዳጁን ለመመጠን። ባለቤቴ ከማረፉ በፊት እነዚህን በተርታ እየነካ ዘመኑን ጨረሰ። ጄቷ ያሏት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ይህን ጭንቅላቱ ቢያውቅም እጁ አልሰማም። በመጀመሪያው የልምምድ ሳምንት፣ ለማረፍ ስንቃረብ እጁ የሌለውን የፕሮፔለር እጀታ ፍለጋ ሄዶ ጭኔን አገኘና እስከ ጥጉ ወደ ፊት ገፋው። ዓይኑ መንደርደሪያው ላይ ነበር፤ ምን እንደያዘ ያወቀው እጀታው ሲናገር ነው። ከኋላችን የነበረው አሠልጣኝ እንደ ጨዋ ሰው በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተ። ዝርዝሩን ለመሥሪያ ቤቱ ክብር ስል እዚህ ላይ አቆማለሁ።

5. ሁለተኛው ፍጥነቷ ነው። አሮጊቷ ታጋሽ ነበረች፤ አንድ ነገር ቢዘገይባት ትጠብቃለች። ጄቷ ማንንም አትጠብቅም። አሠልጣኙ ባለቤቴን አንድ ቀን በትሕትና፣ ሐኪም፣ አውሮፕላኗ ደርሳለች፤ እርስዎ ገና መንገድ ላይ ነዎት ብሎታል።

ከሁለት ወር በፊት ወደ ሐይቁ ከተማ ስንበር መውረድ መጀመር የነበረብን ሰዓት አለፈ። እሱ ስለ አንዲት ታካሚው የዓይን ሞራ እያጫወተኝ ነበር። አስታወስኩት፤ እሺ ብሎ ጨዋታውን ቀጠለ። በኋላ ሲነቃ አፍንጫዋን ደፍቶ በጥድፊያ ወረደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነውና፣ ከፍታው ቢቀንስ ፍጥነቱ አልበርድ አለ። መንደርደሪያው ከፊታችን ነው፤ ከመንደርደሪያው ቀጥሎ ያለው ሐይቁ ነው።

«እንዙር» አልኩት።

«ይበቃናል» አለኝ።

«አይበቃንም። እንዙር።»

ሳያርፍ አፍንጫዋን ቀና አድርጎ ዞረ። በሁለተኛው ሙከራ መሬት መንካታችንን እስክጠራጠር ድረስ በለስላሳው አሳረፋት። ክሊኒኩ በር ላይ የሚጠብቁትን ታካሚዎች እየሳቀ ሰላም አላቸው። እኔን ግን እስከ ማታ ድረስ አላናገረኝም።

6. በሳምንቱ ማመልከቻውን ለመሥሪያ ቤትዎ አስገባ። በፈቃዱ ላይ «ከሁለተኛ አብራሪ ጋር ብቻ» የሚል ገደብ እንዳለበት፣ አሁን ግን ገደቡ ተነሥቶለት ብቻውን እንዲበር እንደጠየቀ ከፋይሉ ይረዱታል። ምን አስበህ ነው ብዬ ብጠይቀው እጄን ይዞ፣ «አንቺማ በቃሽ፤ ይህን ሁሉ ዘመን አነበብሽልኝ። አሁን ከኋላ እግርሽን ዘርግተሽ ዕረፊ» አለኝ። ክቡር ኃላፊ፣ የኋላውን ወንበር አይቼዋለሁ። መጽሔት ማስቀመጫና የብርጭቆ ቦታ አለው። ይህን ሲለኝ ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር፤ ተጣልቼው እገላገል ነበርና።

7. ፋብሪካው ጄቷን አንድ ሰው እንዲያበራት አድርጎ እንደሠራት፣ ሕጉም እንደሚፈቅድ ዐውቃለሁ። ባለቤቴ ብቃት የለውም አላልኩም። የአሮጊቷ ቀኝ ሞተር ተራሮቹ መሐል ቀጥ ያለ ዕለት፣ ፔዳሉን በሙሉ ጉልበቱ ረግጦ በአንድ ሞተር ቤታችን ያገባን እሱ ነው። እኔ ቼክሊስቱን ከማንበብ በቀር ያደረግሁት ነገር የለም። ብቻ፣ የተበላሸውን እዘጋለሁ ብሎ ደኅነኛውን ሞተር ሊያጠፋ እጁን ሲሰድ «ቀኙ ነው፣ ቀኙ» ያልኩት እኔ ነኝ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው ለዚህ ነው። ባለቤቴ ታሪኩን ለሰው ሲያወራ ይህችን ክፍል ይዘላታል፤ እኔም በሰው ፊት አንሥቼበት አላውቅም።

ዛሬ ያነሣሁት ስለፈራሁ ነው። ሞተሯን አልፈራም፤ የጄቷ ሞተር ከእኛ የተሻለ ጤና አለው። የምፈራው፣ ቀኑን ሙሉ ታካሚ ሲያይ ውሎ ደክሞት፣ ያ መንደርደሪያ ከፊቱ ሲመጣ፣ «ይበቃናል» ሲል «አይበቃንም» የሚለው ሰው አጠገቡ አለመኖሩን ነው። ያን ጊዜ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ስልክ እጠብቃለሁ። እወደዋለሁ፤ ብቻውን ሄዶ እንዳይቀርብኝ እፈልጋለሁ። ይህ ቃል በደንባችሁ በየትኛው አንቀጽ ሥር እንደሚገባ ፈልጌ ስላጣሁት እዚሁ ጽፌዋለሁ።

8. እሱ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ባለቤቴ ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ታካሚዎቹ ሲመለስ፣ እኔ እህቴ ጋ ልሰንብት ብዬ ሄድኩ። እህቴ ጋ አልደረስኩም። ወደ ማሠልጠኛው ተመልሼ በግራ ወንበር ተቀመጥኩ፣ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። ፈቃዱን የሰጠኝም የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው። በእሱ ፈቃድ ላይ ገደቡ ሲጻፍ በእኔ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ጄቷን ብቻዬን እንዳበር ተፈቅዶልኛል። ከእሱ በልጬ አይመስለኝም። አሮጊቷን ሁሌ የሚያበራት እሱ ስለነበረ፣ የእኔ እጅ የሚረሳው ልማድ አልነበረውም።

ነገሩን መካኒኩም ነዳጅ ቀጂውም ያውቁታል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሐኪሙ ብቻ አልሰማም። እንዳይከፋው ብዬ ዝም አልኩ። ጄቷንም አንድ ቀን እንኳ ብቻዬን አላስነሣኋትም። እኔስ ብሆን ስቸኩል ማን ያዞረኛል?

9. ስለዚህ መሥሪያ ቤትዎን በአክብሮት የምጠይቀው፤

ሀ. የባለቤቴ ማመልከቻ ውድቅ ሆኖ ገደቡ በቦታው እንዲጸና፤

ለ. ይኸው ገደብ በእኔም ፈቃድ ላይ እንዲጻፍልኝና አንዳችን ያለ ሌላችን ከመሬት እንዳንነሣ እንዲወሰን፤

ሐ. ውሳኔው ለሁለታችን በአንድ ደብዳቤ እንዲደርሰን፣ በደብዳቤውም የማን ፈቃድ አስቀድሞ ምን ይል እንደነበር እንዳይብራራ፤ እሱም ኮራ ብሎ እንዲያነበው።

በራሴ ላይ ገደብ ይጣልልኝ የሚል ባለጉዳይ ገጥሟችሁ እንደማያውቅ እገምታለሁ። ደንቡ አይፈቅድም፣ ሁለቱም በየፈቃዳቸው ብቻቸውን ይብረሩ ተብሎ ከተወሰነም ውሳኔውን በጸጋ እቀበላለሁ። ጄቷ አንድ ናት፤ የበሯ ቁልፍም አንድ ነው። በቤታችን ማልዶ የሚነሣው ሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

በጎ ምላሽ በመጠበቅ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የዓይን ሐኪሙ ሚስት
መነጽር ሠሪ፤ እስከዛሬ የቀኝ ወንበር አብራሪ

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ፣ ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ (ከተራ ቁጥር 8 እና 9 በቀር)