የሐጂ ዩሱፍ ስም በመኪናዬ በር ላይ

ማክሰኞ፣ የካቲት ፲፱ ቀን ፲፱፻፸፯

ደሜ ፈልቷል። ለድርቅ ተጎጂዎች ብለን ለምናደርገው የመኪና እሽቅድምድም ከከፊራ ገበያ ነጋዴዎች ሁሉ አብልጠው የሰጡኝ ሐጂ ዩሱፍ ናቸው፤ «ስሜን ማንም እንዳይሰማ» ብለው። ለኮሚቴያችን ሰብሳቢ ብቻ ነገርኩት፤ ምሎልኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት «የውድድር ቁጥር ላስጽፍበት» ብሎ መኪናዬን ወሰደና፣ በሩ ላይ የሐጂን ስም በቀይ ቀለም አስጽፎ ከተማውን ሲዞርበት ዋለ! «ሌላው ነጋዴ ይቅና ብዬ ነው» ይለኛል። አቦ፣ ትንሽ እንኳ አያፍርም! ቀበሌውም ወዲያው «ለካ ገንዘብ አለዎት» ብሎ አዲስ መዋጮ ጣለባቸው።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ሱቃቸው ሄድኩ።

«መዋጮው ግድ የለም፤ ለአላህ ብዬ የሰጠሁትን ለምን ለአገር አሳየህብኝ?» አሉኝ።

ስሙን በቤንዚን ፈትጌ አጠፋሁት። አሁን የማያውቀው ሰው የቀረ ይመስል!