በሁለት ጾም መሃል የመጣ ወተት

ሞያሌ፣ ማንያታ፣ ኬንያ
ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቤዚ፣

«እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። ሃያ ቀን ሙሉ ስልክሽን ሳላነሳ ከርሜ እንደምን ሰነበትሽ ማለት አሳፈረኝ። አሥራ አራት ጊዜ ደውለሻል። ስልኩ ሲጠራ እጄን በፎጣ እያደረቅሁ፣ እስኪያቆም ቆሜ አየዋለሁ። ጤነኛ ነኝ። መጀመሪያ ይህን እወቂ፣ ሌላ ነገር እንዳታስቢ።

ደብዳቤውን የናይሮቢው አውቶቡስ ረዳት ፖል ይወስደዋል፤ ናይሮቢ ያለችው ጓደኛሽ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። በስልክ ብነግርሽ ድምፄ ይከዳኛል። ወረቀት ላይ ቢያንስ መሰረዝ ይቻላል።

የሻይ ቤቱ ሥራ ደህና ነው። ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዴ ሃያ ቻፓቲ ጋገርኩ። ሁለቱን ለፖል ጠቀለልኩለት። ሁለቱን እኔ በላሁ። የቀረውን ጎረቤታችን ሉባባ ለፍየሎቿ ወሰደችው።

ዝናቡ አልመጣም። ሁለት ጊዜ ደመና ተሰብስቦ ወደ ጎልቦ ቆላ አለፈ፤ እዚያም አልዘነበም አሉ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አንቺ የምታውቂው በጄኔቭ በኩል ያለውን ብቻ ነው።

ስለ ሥራሽ ስታስረጂኝ የገባኝ ይህ ነበር፤ ከአሥራ ሦስት አገር የመጣችሁ አሥራ ሦስት ወጣቶች ጠረጴዛ ዙሪያ ትቀመጣላችሁ፤ የእርዳታ ፈንዱ ካለው ገንዘብ ለየትኛው መንደር ውሃ፣ ለየትኛው መብራት እንደሚሰጥ እጅ እያወጣችሁ ትወስናላችሁ። ድሮ ይህን የሚወስኑት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ ነገ እዚያ የሚኖረው ወጣቱ ነው ተብሎ ለእናንተ ተሰጠ። ለሉባባ ስነግራት «የእኛ ቤዚ? ሶዳ ስትከፍት ጣቷን የምትቆርጠዋ?» አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ለሚገባው ሰው ሁሉ አወራችው። እኔም አልከለከልኳት።

ወሬው እስከ ኡራን መንደር ደረሰ። የኡራን ወጣቶች ማኅበር መሪ ሀላኬን ታስታውሺዋለሽ፤ እዚህ ትምህርት ቤት አብራችሁ ነበራችሁ። የጉድጓዳቸው የናፍጣ ሞተር ከቆመ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ለመትከል ለእናንተ ፈንድ አመልክተው ነበር። ፈንዱ የራሳችሁንም ድርሻ አስገቡ ስለሚል ከየቤቱ አንድ አንድ ፍየል ሸጡ። የሸጡት ደግሞ ፍየል ሁሉ ከስቶ ዋጋው በወደቀበት ጊዜ ነው።

መጋቢት መግቢያ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሀላኬ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር መጣ። ቤቱ ባዶ ነበር። ረመዳን ስለሆነ ቀን የሚገባ ሰው የለም፤ እኔም ሁዳዴ ላይ ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ በቆዳ ማንገቻ የታሰረ ትልቅ ጮጮ አስቀመጡ። የግመል ወተት ነው። ከኡራን ሎሪ ላይ ተሳፍረው ግማሽ ቀን ሙሉ በየተራ አቅፈው ያመጡት።

አስቢው። እነሱ አይጠጡት፣ እኔ አልጠጣው። ወተቱ በመሃላችን ተቀምጦ አራቱም አፍ አፌን ያያሉ።

«ለቤዚ ነው» አለ ሀላኬ።

«ቤዚማ ጄኔቭ ናት።»

«አንተ አለህ አይደል፣ አባ ቤዚ?»

የሀላኬ አማርኛ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለውም። አክብሮቱ ያለው የቤዚ አባት፣ «አባ ቤዚ» ማለቱ ውስጥ ነው። አንቺ ከተወለድሽ ጀምሮ በዚህ ከተማ ክፍሌ ብሎ የጠራኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

«ጾም ላይ ነኝ» ብል ይበቃ ነበር። እዚህ ማን ጾም የማያውቅ አለ? ማንም አይቀየመኝም። አላልኩም። ጮጮውን በሁለት እጄ ተቀብዬ ጓዳ አስገባሁት። ስመለስ አራቱም ቆመው ነበር። አንድ በአንድ ጨበጡኝ።

በማግስቱ ጠዋት ለሉባባ ማፍጠሪያ ይሁናት ብዬ ወሰድኩላት።

«ከማን ነው?»

«ከኡራን ልጆች።»

«ምን ብለው ሰጡህ?»

«ለቤዚ ነው ብለው።»

ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። «አንተ ሰውዬ አብደሃል? እነዚህ ልጆች እኮ ሊጠይቁህ ነው የመጡት። ዝም ብለህ ከተቀበልካቸው እሺ ብለሃል። አሁን ለእኔ ብትሰጠኝ፣ ሜዳ ላይ ብትደፋው ለውጥ የለውም፤ ጠጥተኸዋል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ዛሬውኑ ሄደህ ንገራቸዋ! ነገ ካልክ አለቀ።»

አልሄድኩም።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ዘልያለሁ። እመለስበታለሁ።)

ከዚያ በኋላ ከኡራን ለገበያ የሚመጣ ሁሉ ጾሙን የሚፈታው እኛ ቤት ሆነ። ወንበር ከሉባባ እዋሳለሁ። ሊጥ አልቆ እንደገና አቦካለሁ። «አባ ቤዚ፣ ሻይ!» ከዚህ፣ «አባ ቤዚ፣ ቻፓቲ!» ከዚያ። ሀላኬ ስኒውን ወደ ብርሃን አንስቶ «የእኛ ውሃ ይውጣ እንጂ በጀሪካን እናመጣልሃለን። ይህ ሻይህ ጨው ጨው ማለቱን ይተዋል!» ይላል፤ ቤቱ በሙሉ ይስቃል። እናትሽ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ያን ያህል ሰው ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ዒድ አልፏል። ስብሰባችሁን በቀጥታ ለማየት ሰላሳ የሚሆኑ ሰዎች መጥተዋል፤ ግማሾቹ በር ላይ ቆመዋል። ሀላኬ ስልኩን ከቴሌቪዥኔ ጋር አገናኘው። አንቺ ስትታዪ አጨበጨቡ። ከስተሻል። ፀጉርሽን አሳጥረሽዋል፤ አልነገርሽኝም።

ሰብሳቢዋ «ኡራን፣ ማርሳቢት፣ ኬንያ» ብላ አነበበች። በር ላይ የቆሙት ወደ ውስጥ ተጠጉ። አንቺ ወረቀትሽን ሰበሰብሽ፣ ተነሳሽ፣ ወጣሽ።

«የት ነው የምትሄደው?»

«ሽንት ይዟት ይሆናል» አለ አንዱ። ሳቁ።

«ትመለሳለች፣ ትመለሳለች።»

አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ሰዓት አየሁ። ሌሎቹ የሚነሳውን እጅ ሲቆጥሩ እኔ የማየው ወንበርሽን ነበር። ቀዩን ጃኬትሽን ወንበሩ ላይ ትተሽው ወጥተሻል፤ ስትሄጂ ከሀምዳን ሱቅ የገዛሁልሽን። እጅጌው ሁለት ጊዜ ታጥፏል። ሰፊ ነው ብዬሽ አልነበር?

ስድስት ደገፉ፣ ስድስት ተቃወሙ። እኩል ከሆነ አያልፍም ተባለ። ከዚያ ተመልሰሽ ተቀመጥሽ። ወደ ካሜራው አላየሽም። ሰብሳቢዋ ቀጥላ የማላውቀውን አገር ስም አነበበች።

ሀላኬ ሽቦውን ነቀለ። በስዋሂሊ «ፖሌ፣ ሙዜ»፣ አዝናለሁ ሽማግሌው፣ አለኝ። ለማንም ሽማግሌ፣ መንገድ ላይ ላገኘው ለማያውቀው ሽማግሌ የሚለውን። ለእኔ አዝኖ ይሁን በእኔ አዝኖ አላወቅኩም። ሻይ የጠጡበትን ሁሉም ከፍለው ወጡ። ቻፓቲው ትኩስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሀምዳን ሱቅ ስገባ «ክፍሌ» ይለኛል። ስሜ ነው፤ ምን ይባላል። ግን ዞር የምለው ዘግይቼ ነው። አንቺን ደግሞ «ፈረንጅ አገር ገብታ ፊቷን አዞረችብን» ይሉሻል። ቆሜ እሰማለሁ። ስኳርና ዱቄቴን ይዤ እመለሳለሁ።

በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ጅሎ መጣ። ኡራን ጉድጓድ ላይ ለከብቱ የመጠጫ ተራ የሚያወጣው ሽማግሌ፤ ልጅ ሆነሽ ወስጄሽ አይተሽዋል፣ ዱላውን ለመንካት ፈርተሽ ነበር። ብቻውን ገባ። በሩ አጠገብ ተቀምጦ ባዶዎቹን ወንበሮች በዓይኑ ዞራቸው።

«ሻይ አለ ወይስ ዘግተሃል?»

«አለ።»

ሳቀርብለት እንዲህ አለ፤ «ልጅህ ተነስታ ወጣች አሉኝ። የት ሄደች? ብዬ ጠየቅኳቸው። አናውቅም አሉ። እኔ አውቃለሁ አልኳቸው። ግራሩ ሥር ነው የሄደችው።»

ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ወደ እሱ ዞርኩ።

«ሃያ ዓመት ተራ ሳወጣ፣ የእኔ ላሞች ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ዱላዬን ለሌላ ሰጥቼ ግራሩ ሥር ሄጄ እቀመጣለሁ። ተራቸውን ሌሎች ይወስኑ። ውሃው አልቆ የተመለሱበት ቀን አለ። ሚስቴ ሰድባኛለች። ላሞቹም ሳይሰድቡኝ አልቀሩም።» ሳቀ፤ ሁለት ጥርስ ነው የቀረው። «ሌላ ጊዜም የእኛ ተራ ሲደርስ ትነሳ። ጅሎ እንዲህ አለ በላት።»

ልጄ፣ ያን ጊዜ ደስታዬን ብታዪው። የጅሎ ነገር ግን አላለቀም።

«ለልጆቹ ይህንኑ ነገርኳቸው። ሀላኬም ሰማኝ። አሁን የሚከነክነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ‹ለአባቷ እንኳ ሳትነግረው እንዴት ትወጣለች? ቢያውቅ ኖሮ ወተታችንን አይቀበልም ነበር፤ አባቷን ነው ያዋረደችው› ይላል።» ሻዩን ቀስ ብሎ አማሰለ። «ነግራህ ነበር?»

«ስኳር ልጨምርልህ?» አልኩት።

ሁለት ማንኪያ ጨመርኩለት። ጠጣው። «ጣፈጠ» አለ፤ ቆይቶ ደግሞ «በዛ» አለ። ሲወጣ በሩ ላይ ዞሮ «ደህና ዋል፣ አባ ቤዚ» አለኝ። ያንን ስም ከሰማሁ አሥራ አምስት ቀን ሆኖኝ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ስኒውን ይዤ ተቀመጥኩ።

የዘለልኩት ይህንን ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን አንድ ጊዜ በእጄ ልጻፈው።

የካቲት ውስጥ፣ አንድ እሑድ ደወልሽልኝ። እየተራመድሽ ነበር፣ ትንፋሽሽ ይሰማኛል። «አባዬ፣ የኡራን ማመልከቻ እኛ ጋ ደርሷል። የአገሬ ጉዳይ ሲመጣ ግን እኔ ከክፍሉ መውጣት አለብኝ፤ ደንቡ ነው። ሀላኬን አስቀድመህ ንገርልኝ፣ እኔን እንዳይጠብቅ» አልሽኝ። «እሺ» አልኩሽ። መስመሩ አልተቆራረጠም። ሁሉንም ሰምቻለሁ።

ብነግራቸው ኖሮ ጊዜ ነበራቸው። ለሌሎቹ አሥራ ሁለት ጽፈው፣ የጉድጓዱን ፎቶ ልከው ያስረዱ ነበር። የጎደለው አንድ እጅ ነው።

ለምን እንዳልነገርኳቸው ሃያ ቀን አሰብኩ። ረስቼው ነው ልል ሞከርኩ። አልረሳሁም። ጮጮውን ስቀበል የአንቺ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሻይና ከቻፓቲ ሌላ ነገር ፈልጎ ሰው ወደ እኔ መጣ። አንድ ቀን ይሁን አልኩ። ከዚያ ወንበሩ ሞላ። ሰው በሞላበት ቤት መሃል ቆሞ ሰዉን የሚበትን ቃል ማውጣት… አላወቅኩበትም።

ከዚያ ሁሉ የሚብሰው ግን አንቺን ሲያሙሽ ዝም ማለቴ ነው። «ነግራኝ ነበር» ለማለት ትንሽ ትንፋሽ ይበቃል። ያችን ትንሽ ትንፋሽ ሃያ ቀን ያዝኳት።

ፋሲካን ለብቻዬ ፈሰክሁ። አንድ እንቁላል ቀቀልኩ። ሉባባ በአጥሩ ላይ «እንኳን አደረሰህ!» ብላ ጮኸች። ያ ቀን እንዲሁ አለፈ።

ዛሬ ጠዋት ጮጮውን ከጓዳ አውጥቼ አጠብኩት። ባዶውን ከሉባባ ቤት ከተመለሰ ወዲህ እዚያው ነበር የተቀመጠው። ሉባባ አይታኝ «ልትመልሰው ነው? ባዶውን እንዳትወስደው፣ ነውር ነው። ስኳር ጨምርበት» አለች። ለጅሎ ያበዛሁት ትዝ ብሎኝ ስኳሩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። የሻይ ቅጠል ሞላሁበት።

ነገ ጎህ ሲቀድ ዱቄት የጫነ ሎሪ ወደ ኡራን ይሄዳል። ከሾፌሩ ጋር ተነጋግሬያለሁ። ሀላኬን ማኅበሩ ባለበት እነግረዋለሁ፤ በየካቲት ነግራኝ ነበር፣ እናንተን ያስጠበቅኳችሁ እኔ ነኝ እለዋለሁ። ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ምንም ሳይለኝ ቢቀር ነው የምፈራው። ባያልፍ መስከረም ላይ እንደገና ማመልከት እንደሚችሉ ያኔውኑ ነግረሽኛል፤ ይህንንም እነግራቸዋለሁ። በዚህኛው እንኳ አልዘገይ።

መስከረም ላይ ተራቸው ሲደርስ ጅሎ ያለውን አድርጊ፤ ተነሺና ውጪ። እኔ ግን፣ ከእኔ ከሆነ፣ ብትቀመጪ እወድ ነበር። ይህንን ለማንም አትንገሪ። ብቻ ስትወጪ ጃኬትሽን ወንበሩ ላይ ተዪልኝ።

በወጣሽበት በር በሰላም የምትመለሺ ያድርግሽ። ብርዱ እንዳይጎዳሽ። ፊትሽን ወደ እነሱ እንዳዞርሽ የሚያውቅ አምላክ ፊቱን አያዙርብሽ።

ኡራን ኔትወርክ የለም፤ ነገ ብትደውዪ አታገኚኝም። ሐሙስ ደውዪ። አነሳዋለሁ።

አባትሽ
ክፍሌ

«አባ ቤዚ» ብዬ ልፈርም ነበር። ከኡራን ስመለስ እጽፈዋለሁ።