«የመጨረሻ» የማይባልበት ቤት

ሰኞ፣ መጋቢት 3

ሽንኩርቱ ጥሩ ነው። ለካሁት፣ ፎቶ አነሳሁት። ሥሩ ታች የቱ እንደሆነ ጠፍቶበት ዞሮ ወደ ላይ መጥቷል... እዚህ ጠፈር ጣቢያው ውስጥ «ላይ» የሚባል ነገር ካለ። አባቴ ከጓሮው አውጥቶ የሰጠኝ ነው። «አበባውን ሳታሳየኝ እንዳትቆርጠው!» ብሎኛል።

ጠዋት ሳላስበው «የመጨረሻውን ውሃ አጠጣሁት» ብዬ አረፍኩ። አለቃዬ አርሴኒ ሉኪች ከወዲያ ጫፍ ተንሳፍፎ መጥቶ በኩርኩም አለኝ። «የዳር በል! እንደ ሲቪል አታውራብኝ!» የሚበር ሰው ሞት እንዳይጠራ «የመጨረሻ» አይልም፣ በምትኩ «የዳር» ይላል። አባቴም አብራሪ ስለነበር ቤታችን «የዳር ቁራሽ»፣ «የዳር አውቶቡስ» ሲባል ነው ያደግሁት። አለቃ ግን ያበዛዋል። ባለቤቴን ታይሲያን እንኳ አንዴ በሬዲዮ አርሟታል!

እሁድ፣ መጋቢት 9

ከቤተሰብ ጋር በቪዲዮ የምንነጋገርበት ቀን። ታይሲያ ብቻዋን መጣች።

«አባባስ?»

«ገጠር ቤት ሄደዋል። የሚተክሉት ነገር አለ።»

መሬቱ ገና በረዶ ለብሶ? ምን ይተክላል? ሽማግሌው ግትር ነው፣ ሊሆን ይችላል...

ሐሙስ፣ መጋቢት 13

እንቡጥ ያዘ! ታች ምድር ያሉት ተቆጣጣሪዎች «ቆርጠህ አቀዝቅዘው፣ ለምርመራ ይፈለጋል» አሉ። እባካችሁ እስከ እሁድ፣ አባቴ ይየው አልኳቸው። እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። ቆይተው «እሺ፣ ይቆይ።» እንዲህ በቀላሉ? እነዚህ እኮ ካልሲ ለመቀየር ፈቃድ የሚያስጠይቁ ሰዎች ናቸው።

እሁድ፣ መጋቢት 16

አበበ። ካሜራው ፊት ይዤው ጠበቅሁ። ዛሬም ታይሲያ ብቻዋን።

«አባባ የታለ?»

«ጉንፋን ይዟቸው...»

«እንቡጥ መያዙን ነገርሽው?»

«እንዴ! የመጨረሻው ቀን እንኳ ስለ ሽንኩርቱ ነበር የሚ...»

አፏን ያዘች።

አርሴኒ ሉኪች አጠገቤ ነበር። አላረማትም። ዞር ብዬ አየሁት፣ መስኮት መስኮቱን ያያል። ያኔ ገባኝ።

«መቼ ነው?» አልኩት።

«ግሌብ፣ የኔ ልጅ... ታች ያሉት ሥራህ እንዳይበላሽ ብለው ነው። አትንገረው ተባልኩ።»

«መቼ ነው ያልኩህ፣ አንተ!»

አንተ አልኩት። ከተዋወቅን ጀምሮ ብዬው አላውቅም።

«የካቲት ላይ» አለኝ። «ተቀብረዋል።»

የካቲት! ያን ቀን ሲኮረኩመኝ አባቴ አፈር ውስጥ ነበር። አብሮኝ በላ፣ አብሮኝ ሳቀ። አበባውን አብሮኝ ጠበቀ... ለማን?

ረቡዕ፣ መጋቢት 19

ከታች ጠሩኝ። «በሐዘንህ አዝነናል» አሉ። በዚያው ትንፋሽ፣ «ናሙናው ተቆረጠ?»

ቆረጥኩት። አበባውን ለእነሱ አቀዘቀዝኩ። ቅጠሉን አርሴኒ ሉኪች ከጥቁር ዳቦ ጋር አቀረበ፣ እኛ ዘንድ ሙት እንደሚዘከረው። አንድ ቁራሽ ለአባቴ አስቀመጠ። ቁራሹ ግን አልቀመጥ አለ፣ ተነስቶ ተንሳፈፈ። እኔ አልበላሁም። ከዋሸኝ ሰው ጋር እንዴት ልብላ?

ሬዲዮውን ከፈትኩ። «የመጨረሻው ሽንኩርት ተቆርጧል» አልኩ። ደገምኩት። «የመጨረሻው። ይሰማል?»

«ይሰማል» አሉ።

አርሴኒ ሉኪች ዳቦውን እንደያዘ ቀረ። ማንም አላረመኝም።